የአንድ ትንሽ ሠፈር አቋቋምና አስተዳደር፤ ከጨዋታ ለነጋዴ የሚገኝ ትምህርት

ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤቱን ኪራይና የዕቃውን ዋጋ ነው። ሠፈሩ እንዴት እንደ ተቀየሰ፣ መንገዱ ወዴት እንደሚያወጣ፣ የክረምቱ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚወርድ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ለምትገኘው የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ለይጁቤ ነጋዴዎች ይህ ጥያቄ ቀላል ነገር አይደለም። እህል የሚጭነውም፣ ጨርቃ ጨርቅና ቆርቆሮ የሚያራግፈውም፣ በጉልት ተቀምጦ የሚቸረችረውም ሁሉ የሚጋራው ያንኑ መሬት ነውና። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ሠፈርን ማቀድና ማስተዳደር ምን እንደ ሆነ፣ ወጣቶች ለጊዜ ማሳለፊያ ከሚጫወቱት አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ምሳሌ እየወሰድን ለማስረዳት እንሞክራለን። አንባቢም ነገሩ ጨዋታ ነው ብሎ እንዳይንቀው እንለምናለን።

የጨዋታው ፈልሳፊ ዊል ራይት የተባለው አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ተጫዋቹ ከንቲባ ሆኖ ከተማ የሚያቋቁምበትን «ሲም ሲቲ»ን አወጣ። በ1991 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ በኩል በተነሣው ታላቅ ቃጠሎ መኖሪያ ቤቱ ነደደበት። ኑሮውን እንደ ገና ሲያደራጅ፣ ለሰው በእርግጥ የሚያስፈልገው ምን ምን እንደ ሆነ ማሰላሰል ጀመረ። ይህም አሳብ አድጎ በ2000 ዓ.ም. «ዘ ሲምስ» የተባለው ጨዋታ ሆኖ ወጣ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ቤተ ሰቦችን በአንድ ትንሽ ሠፈር ያሰፍራል፤ ቤት ይሠራላቸዋል፤ ረኃባቸውን፣ ንጽሕናቸውን፣ እንቅልፋቸውንና ከጎረቤት ጋር ያላቸውን ግንኙነት ይከታተላል። ከዚህ ለነጋዴ የሚጠቅሙ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ።

1ኛ/ መንገድ ከቤት ይቀድማል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው በሁለተኛው ጨዋታ ማንኛውም የቤት ቦታ መንገድ ዳር ካልሆነ አይተከልም። መንገዱም ሰው ከመስፈሩ በፊት ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር የተሠመረ ስለ ሆነ፣ ኋላ ይዛወር ቢሉት አይዛወርም። በእኛም ከተማ ለጭነት መኪና መዞሪያና ለዕቃ ማራገፊያ የሚሆን ቦታ ሳይተው ሱቆች ፊት ለፊት ከተደረደሩ፣ በገበያ ቀን መኪናው መንገዱን ይዘጋል፤ ገበያተኛውም በሌላ በኩል ያልፋል።

2ኛ/ መቋቋሚያ ገንዘብ በግድግዳ ብቻ አያልቅም። በመጀመሪያው ጨዋታ ለእያንዳንዱ አዲስ ቤተ ሰብ 20,000 የጨዋታው ገንዘብ ይሰጠዋል። ጀማሪ ተጫዋች ይህን ሁሉ በሰፊ ቤት ላይ ያፈሰውና አልጋና ምድጃ የሚገዛበት ያጣል። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ፖስተኛው የሚከፈል ሒሳብ ያመጣለታል፤ ሳይከፍል ከቆየም ዕቃውን የሚወስድ ሰው ይመጣበታል። ያማረ ሱቅ ሠርቶ መደርደሪያው ባዶ የቀረበት ነጋዴ የሚደርስበት ከዚህ የተለየ አይደለም።

3ኛ/ ደንበኛ በዋጋ ብቻ አይያዝም። በ2006 ዓ.ም. በወጣው ተጨማሪ ክፍል ተጫዋቹ በሠፈሩ ውስጥ ሱቅ ይከፍታል። ዋጋውን እጅግ ርካሽ ከሚባለው እስከ እጅግ ውድ ድረስ በአምስት ደረጃ ይወስናል። ይሁን እንጂ ዋጋው ተመጣጣኝ ቢሆንም እንኳ፣ ሒሳብ መክፈያው ዘንድ ወረፋ የበዛበት ደንበኛ ተበሳጭቶ ይወጣል። ያለ ዕረፍት የሚሠራ ሠራተኛም ሥራውን ጥሎ ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታውና ኑሮው ይመሳሰላሉ። የሚለያዩበት ግን ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል ይገባል። በሁለተኛው ጨዋታ ተጫዋቹ ያልጎበኘው ቤተ ሰብ ዕድሜው አይጨምርም፤ ባለበት ይቆየዋል። በአሠራሩ ስሕተት ቢያደርግም ቀድሞ ወዳስቀመጠው ይመለሳል። በይጁቤ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ነጋዴው ያላየው ቦይ በሰኔ ዝናብ ይሞላል። አንዱ ለሱቁ ደረጃ ብሎ የጎርፍ መውረጃውን ቢደፍነው፣ ውሃው ከጎረቤቱ ጨውና ስኳር ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ የለም፤ ኪሣራው ኪሣራ ሆኖ ይቀራል።

ሠፈርን ማቀድ እንግዲህ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ እንዲሳተፍበት መሠረተ አሳብ አድርጎ አስቀምጧል። ስለዚህ ነጋዴዎች ፕላን በሚዘጋጅበት ጊዜ አስቀድመው ተሰብስበው፣ የዕቃ ማራገፊያው የት ይሁን፣ ቦዩን ማን ይጥረግ፣ ለጉልት ቸርቻሪዎች የትኛው ቦታ ይተው በሚሉት ጉዳዮች ላይ በአንድ ቃል ተስማምተው ለማዘጋጃ ቤት በጽሑፍ ቢያቀርቡ ይበጃል። ቦይ ጠረጋውም እያንዳንዱ በደጁ በየተራ ቢይዘው ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ፕላኑ ከጸደቀ፣ ግንቡም ከቆመ በኋላ አቤት ማለት፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደ ተባለው ይሆናል።