ወባ ያልገባባቸው ቀይ የደም ሴሎች ለምን ያልቃሉ?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ያቆረው ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። በአሶሳ ዙሪያና ወደ ዓባይ ዝቅ በሚሉት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላዎች እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ወባ የሚበረታበት ነው። በዚህ ወቅት የታማሚ ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተውሳኩ የያዛቸው ቀይ ሴሎች ጥቂት ሆነው፣ የደም ማነሱ ግን ከዚያ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ተመራማሪዎች እንደገመቱት በፋልሲፓረም ወባ አንድ የተያዘ ሴል ሲጠፋ 8 ያህል ያልተያዙ ሴሎች አብረው ይጠፋሉ፤ በቫይቫክስ ደግሞ ከ30 በላይ። ክልሉ ሁለቱንም ዓይነት ያውቃል።

ጤነኞቹን ምን ፈጃቸው? አንዱ ምክንያት የገዛ ሰውነታችን ቁጣ ነው። ተውሳኩ በየ48 ሰዓቱ ገደማ ሴሉን ቀዶ ይወጣል፤ ታማሚውን የሚያንቀጠቅጠው ትኩሳት የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። የፈሰሰው ፍርስራሽ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ እነሱም ማይሎፐርኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ይለቃሉ። ይህ ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ደም ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር አዋህዶ የበረኪና የቅርብ ዘመድ የሆነ አሲድ ይሠራል። ለባክቴሪያ የተሰናዳ መሣሪያ ነው፤ በመንገዱ ያገኘውን ግን አይመርጥም።

ኢንዛይሙ ፖዘቲቭ፣ የቀይ ሴሉ ሽፋን ደግሞ ኔጋቲቭ ሙል ስላላቸው ይጣበቃሉ። በላቦራቶሪ ሙከራ እንደታየው ማይሎፐርኦክሲዴዝ የተለጠፈበት ቀይ ሴል ይደነድናል። ይህ ለሴሉ የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል፤ 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር የሚሰፋው ሴል በጣፊያ ውስጥ ከራሱ እጅግ በሚጠቡ ክፍተቶች መሹለክ አለበት። ያልተተጣጠፈ እዚያው ተይዞ ይበላል።

ቀይ ሴልን ኦክስጅን ከማመላለስ ሌላ ሥራ እንደሌለው አድርጎ ማስተማር በደል ይመስለኛል። ይህ ሴል ካታሌዝንና ግሉታታዮንን ይዞ፣ አጥፊው ኢንዛይም የሚመገበውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ራሱ ውጦ ያከሽፋል። ነገር ግን ኒውክለስ የለውም፤ የተበላሸበትን ኢንዛይም በአዲስ ሊተካ አይችልም። ሲፈርስ ደግሞ ጉዳቱ ይቀጥላል፦ ከውስጡ የፈሰሰው ሄሞግሎቢን የደም ሥርን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያጠፋል፤ አብሮት የወጣው አርጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራበትን አርጂኒን ይጨርሳል። ሥሩ ይጠባል፤ ቁጣውም ይብሳል።

ቀይ ሴሉ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የሚያከሽፍበት መከላከያ የሚቆመው በሌላ ኢንዛይም፣ በጂ6ፒዲ፣ ጉልበት ነው። በውርስ የጂ6ፒዲ እጥረት ያለበት ሰው፣ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ቫይቫክስ ለማጥፋት የሚሰጠውን ፕሪማኩን ሲወስድ ቀይ ሴሎቹ በብዛት ሊፈርሱ ይችላሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።