ተራ የሚጠብቀው ቀለበት፦ የቨርቲዮ የቅደም ተከተል ውል

ከመርካቶ ወደ ሱሉልታ ብቻ የሚመላለሱ አሥር ሚኒባሶች አሉ እንበል። ተራ አስከባሪው እያንዳንዷ ስትመለስ በደብተሩ ይመዘግባል። ሾፌሮቹ መንገድ ላይ ላይቀዳደሙ ቢስማሙ ግን ሥራው ይቀልለታል። አምስተኛዋን ሲያይ ከእሷ በፊት የወጡት አራቱም መመለሳቸውን ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል፤ አንድ መስመር ጽፎ አምስቱን ይዘጋል። በኮምፒውተር ዓለምም ይህን የመሰለ ውል አለ፤ የሚገኘውም ቨርቲዮ በተባለው ሥርዓት ውስጥ ነው።

ሰበታ ያለ ፋብሪካ የሒሳብ ሥራውን፣ ቡራዩ ያለ ኮሌጅ ድረ ገጹን በኪራይ ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራየው ሙሉ ማሽን አይደለም። ከአንድ ትልቅ ሰርቨር ተከፍሎ የሚሰጥ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ይህ ማሽን ኔትወርክ ካርድና ዲስክ ቢኖረውም ዕቃዎቹ በሶፍትዌር የተሠሩ ናቸው። በእውነተኛው ሰርቨርና በቨርቹዋሉ ማሽን መካከል ዳታ የሚያቀባብል መንገድ ያስፈልጋል። ያ መንገድ ከተንዛዛ ኪራዩ ውድ ቢሆንም አገልግሎቱ ቀርፋፋ ይሆናል።

ቨርቲዮ የተባለውን ይህን መንገድ የቀየሰው አውስትራሊያዊው የሊነክስ ባለሙያ ረስቲ ራስል ነው። ሐሳቡን ባቀረበበት ጊዜ ሊነክስ ቢያንስ ስምንት የተለያዩ የቨርቹዋላይዜሽን ሥርዓቶችን ይደግፍ ነበር፤ ብዙዎቹም የየራሳቸው ድራይቨር (መሣሪያን የሚያዝ ፕሮግራም) ነበራቸው። ራስል ለሁሉም የሚሆን አንድ ወጥ አሠራር አቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ በወጣው ሊነክስ 2.6.24 ውስጥም ገባ። ዛሬ ደረጃውን የሚያወጣው ኦኤሲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው።

የቨርቲዮ ልቡ ሰልፉ ነው። የተለመደው ሰልፍ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ነው፤ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ መዝገብ 16 ባይት ሲሆን ዳታው የተቀመጠበትን ባፈር (የሜሞሪ ቦታ) አድራሻና ርዝመት ይይዛል። ሁለተኛው በቨርቹዋሉ ማሽን ውስጥ ያለው ድራይቨር «ይህን ባፈር ውሰድ» የሚልበት ቀለበት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሰርቨሩ በኩል ያለው መሣሪያ «ይህን ጨርሻለሁ» ብሎ የሚመልስበት ቀለበት ነው። አንድ ሰልፍ እስከ 32,768 መዝገብ ሊይዝ ይችላል።

መሣሪያው ባፈሮቹን በተቀበለበት ቅደም ተከተል የመመለስ ግዴታ የለበትም፤ ቀድሞ ያለቀው ቀድሞ ይመለሳል። ስለዚህ ድራይቨሩ የትኛው እንደተመለሰ፣ የትኛው እንደቀረ ለእያንዳንዱ መዝገብ መያዝ አለበት። በሴኮንድ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፓኬቶች (የኔትወርክ ዳታ ጥቅሎች) በሚያልፉበት ቦታ ይህ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የቨርቲዮ 1.1 እትም መፍትሔ አመጣ። መሣሪያውና ድራይቨሩ ሥራ ሲጀምሩ በምልክት ቁጥር 35 ከተስማሙ፣ መሣሪያው ባፈሮቹን በተሰጡት ቅደም ተከተል ብቻ ይጨርሳል። ድራይቨሩም የሠንጠረዡን መዝገቦች ከዜሮ ጀምሮ በተርታ ይጠቀማል። ጥቅሙ ለሁለቱም ነው። መሣሪያው ቀጣዩ መዝገብ የት እንዳለ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብዙውን በአንድ ጊዜ ማንበብ ይችላል። ሠላሳ ባፈሮችን አከታትሎ ከጨረሰም የመጨረሻውን ብቻ ጽፎ ሠላሳውን ማሳወቅ ይችላል፤ ድራይቨሩም እያንዳንዱን መከታተል ይቀርለታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ያልተጻፉት ባፈሮች ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ እንደዋሉ ይቆጠራል። ወደ ውጭ ለሚላክ ፓኬት ይህ ችግር የለውም፤ ርዝመቱን ላኪው ያውቀዋልና። ከውጭ የሚመጣው ፓኬት ግን አንዱ አጭር፣ ሌላው ረጅም ነው። መሣሪያው የእያንዳንዱን ርዝመት ካልጻፈ ድራይቨሩ ዳታው የት ላይ እንዳበቃ አያውቅም። ስለዚህ በመቀበያው ሰልፍ ላይ የሚገኘው ቁጠባ ያነሰ ነው።

ውሉ የማይስማማበት ሥራም አለ። ከሚኒባሶቹ አንዷ ወደ ቡራዩ፣ ሌላዋ ወደ ሰበታ፣ ሦስተኛዋ ወደ ሱሉልታ ብትሄድ፣ ቶሎ የተመለሰችውን «ከአንቺ በፊት የወጣችው እስክትመጣ ቁሚ» ማለት ኪሳራ ነው። ዲስክም እንዲሁ ነው። አንዱ ጥያቄ ከሜሞሪ ወዲያው ይመለሳል፤ ሌላው ዲስኩ እስኪነበብ ይቆያል። በቅደም ተከተል ካስገደድናቸው አንድ ዘገምተኛ ጥያቄ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያስራል። ኔትወርክ ላይ ግን ፓኬቶች የሚወስዱት ጊዜ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ በመጡበት ቅደም ተከተል ማስተናገድ ብዙም አያስከፍልም።

ቅደም ተከተል ዋጋ የሚኖረው ሥራው ሲመሳሰል ነው፤ ሥራው ሲለያይ ቀድሞ የጨረሰውን ማሳለፍ ይሻላል። የቨርቲዮ ነዳፊዎች ውሉን ግዴታ ሳያደርጉ በስምምነት የሚገባ አማራጭ ማድረጋቸው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። የቨርቲዮ የደረጃ መመሪያ ያለ ክፍያ ለማንም ክፍት ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠኑ ወጣቶች አውርዳችሁ አንብቡት፤ የምትከራዩት ማሽን ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ከምንጩ ታውቃላችሁ።