ሰብአዊ መብት፡ ከመንግሥት የተሰጠ ወይስ ከእግዚአብሔር የተገኘ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መብታችን ሲከበርልን «መንግሥት መብት ሰጠን»፣ ሲጣስብን ደግሞ «መብታችንን ነጠቀን» ማለት የተለመደ ነው። ይህ የዕለት ተዕለት አነጋገራችን በውስጡ ታላቅ ጥያቄ ይዟል። ሰው በሕይወት የመኖር፣ አምላኩን የማምለክ፣ የድካሙን ዋጋ የማግኘት መብቱን ያገኘው ከማን ነው? ሰጪው መንግሥት ከሆነ በሰጠበት እጁ መልሶ ሊወስደው ይችላል፤ ሰጪው ሌላ ከሆነ ግን መንግሥት ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይሆንም። ጉዳዩ በባዕድ አገር የጉዞ ሰነዷን የተነጠቀች እኅታችንንም፣ በየቤታችን የምታገለግለንን ልጅም የሚመለከት ስለሆነ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት መነሻ አድርገን በአጭሩ እንመለከተዋለን።

ሁለት ዓይነት መብቶች

አስቀድመን አንድ ነገር መለየት ይገባናል። መንግሥት በእርግጥ የሚሰጣቸው መብቶች አሉ። የመንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ዜግነትና ከዜግነት ጋር የሚመጡ ጥቅሞች በሕግ የተገኙ ናቸው፤ በሕግም ሊሻሻሉ ወይም ሊቀሩ ይችላሉ።

ቅዱስ ጳውሎስ በዚህ ዓይነት መብት ተጠቅሟል። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ከተገረፈና ከታሰረ በኋላ ሮማዊ መሆኑን ለሹሞቹ አሳውቋል (ሐዋ. 16፥37)። በኢየሩሳሌምም ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ያንኑ መብቱን ጠቅሶ ከግርፋት ድኗል። ሻለቃው ዜግነቱን በብዙ ገንዘብ እንደገዛው ሲናገር ሐዋርያው ግን ከልደቱ ጀምሮ ሮማዊ መሆኑን መልሶለታል (ሐዋ. 22፥25-28)። በገንዘብ የሚገዛ ወይም ከወላጅ የሚወረስ መብት እንግዲህ እንዲህ ያለው ነው፤ ያለው ሰው ይድንበታል፣ የሌለው ሰው ይገረፋል።

ይኸው ሐዋርያ ግን በሌላ ጊዜ ስለ አናሲሞስ ጽፏል። አናሲሞስ ባርያ ነበር፤ በሮም ሕግ ፊት ከጌታው ንብረት አንዱ እንጂ ባለ መብት አልነበረም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲልከው እንደ ባርያ ሳይሆን ከባርያ እንደሚበልጥ የተወደደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ጠየቀው (ፊል. 1፥16)። ለዚህ ልመና ከሮም ሕግ ድጋፍ ሊያገኝ አይችልም ነበር። ሕጉ ምንም ያልሰጠው ሰው ሊከበር የሚገባው ክብር እንዳለው ሐዋርያው ካወቀ፣ ያ ክብር ከሕግ የሚበልጥ ምንጭ አለው ማለት ነው።

በሕግ ሥርዓት የተፈጸመ ግፍ

መብት ከመንግሥት ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ መንግሥት የሚያደርገውን ሁሉ ግፍ ብለን ልንጠራው አንችልም ነበር። የኢይዝራኤላዊው የናቡቴ ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል (1ኛ ነገ. 21)። ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ናቡቴ ግን የአባቶቹን ርስት አልሰጥም አለ። ቀጥሎ የሆነውን በጥንቃቄ እናስተውል። ኤልዛቤል ወታደር ልካ ቦታውን በጉልበት አልወሰደችም። በንጉሡ ማኅተም የታተመ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጾም ታወጀ፤ ሽማግሌዎችና ከበርቴዎች ተሰበሰቡ፤ ሕጉ እንደሚጠይቀው ሁለት ምስክሮች ቆሙ፤ ፍርድ ተሰጠ፤ ፍርዱም ተፈጸመ። በመዝገብ ቢታይ ማኅተሙም፣ ጉባኤውም፣ ምስክሩም አልጎደለም።

እግዚአብሔር ግን ነቢዩ ኤልያስን ልኮ ድርጊቱን በስሙ ጠራው፤ መግደልና መውረስ ነው አለው። የንጉሡ ማኅተም የናቡቴን ሕይወትና ርስት ሊያስወስድ ቻለ እንጂ ናቡቴን ባለ መብት ከመሆን ሊያወጣው አልቻለም። አንድን ሕግ «ግፈኛ» ብለን መንቀፍ መቻላችን ራሱ ከሕጉ በላይ የቆመ መለኪያ እንዳለ ይመሰክራል።

የመብት ምንጭ፡ መልክዐ እግዚአብሔር

ያ መለኪያ ምንድን ነው? መጽሐፍ ቅዱስ ሰው በእግዚአብሔር መልክና ምሳሌ እንደ ተፈጠረ ያስተምረናል (ዘፍ. 1፥26-27)። ይህ ክብር ለነገሥታት ብቻ፣ ለአንድ ነገድ ብቻ ወይም ለወንዶች ብቻ የተሰጠ አይደለም። በበደልም ፈጽሞ የሚጠፋ አይደለም፤ ከውድቀትና ከጥፋት ውኃ በኋላ እንኳ እግዚአብሔር ለኖኅ የሰው ደም እንዳይፈስስ ሲያዝዝ ምክንያት ያደረገው ይህንኑ የመልኩን ክብር ነው (ዘፍ. 9፥6)። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ መጽሐፈ መክብብን ሲተረጉም ባርያ የሚገዙትን አጥብቆ ገሥጿል፤ የእግዚአብሔርን መልክ የያዘውን ሰው በስንት ዋጋ እንደሚተምኑት ጠይቋቸዋል። ዋጋ የማይተመንለትን መሸጥም መለወጥም አይቻልምና።

የዘመናችን ሕጎችም ወደዚህ እውነት ይጠጋሉ። ሁለንተናዊው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በ48 የድጋፍ ድምፅና በ8 ድምፀ ተዓቅቦ ሲጸድቅ አገራችን ኢትዮጵያ ከደገፉት አንዷ ነበረች። በረቂቁ ላይ ክርክር ሲደረግ የብራዚል ልዑክ ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩ በመግለጫው እንዲገባ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በእምነት የሚለያዩትን ሁሉ ለማስማማት ሲባል ግን አልገባም። መግለጫው ሰው ከልደቱ ጀምሮ ነፃና እኩል እንደ ሆነ ቢመሰክርም ሰጪው ማን እንደ ሆነ ሳይናገር አለፈ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 10 ሰብአዊ መብቶች ከሰው ልጅ ተፈጥሮ የሚመነጩና የማይገፈፉ መሆናቸውን ይደነግጋል። ሕግ አውጪው «እኔ ሰጠሁ» አላለም፤ «ከተፈጥሮ ነው» አለ። እኛ ደግሞ ተፈጥሮ ያለ ፈጣሪ እንደሌለ እናምናለን።

ፍትሐ ነገሥት የሚያስተምረንና የሚወቅሰን

ይህ ትምህርት ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 31 ስለ ነፃነትና ስለ ባርነት ሲናገር ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነፃነትን እንደሚጋሩ፣ አንዱን ለሌላው ባርያ ያደረገው ግን ጦርነትና ጉልበት እንደ ሆነ ያስረዳል። በትርጓሜ ቤቶቻችን ሲነገርና ሲተረጎም የኖረ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ያው መጽሐፍ ባርነትን ጨርሶ አልሻረም፤ የባለቤትነትን ሥርዓት በዝርዝር ደነገገ። በአገራችንም ባርነት ለብዙ ዘመናት ቆየ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች በኋላ ባሮችን ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚያወጡ አዋጆች ወጡ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት በአዋጅ ተሻረ። በ1933 ዓ.ም. በሰው ቤት በባርነት የነበረ ወንድማችን የነፃነት መብቱን ያገኘው በዓመቱ በወጣው አዋጅ ነውን? አይደለም። መብቱ ከእናቱ ማኅፀን አብሮት የመጣ ነው፤ አዋጁ የከለከሉት ሰዎች እጃቸውን እንዲያነሡ አዘዘ እንጂ አዲስ ነገር አልፈጠረለትም። እውነቱን በመጽሐፍ ይዘን በሥራ ሳንፈጽመው መቆየታችን ግን ዛሬም ሊወቅሰን ይገባል።

ታዲያ የመንግሥት ድርሻ ምንድን ነው?

መብት ከእግዚአብሔር ነው ማለት መንግሥት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ባለ ሥልጣን ለመልካም ነገር የእግዚአብሔር አገልጋይ እንደ ሆነ ያስተምራል (ሮሜ 13፥4)። አጥር እርሻውን አያበቅለውም፤ አጥር የሌለው እርሻ ግን የከብት መሰማሪያ ይሆናል። ፍርድ ቤትና ሕግ አስከባሪ የሌለው መብትም በባለቤቱ ልብ ውስጥ ይኖራል እንጂ በአደባባይ አይከበርም። ስለዚህ ምእመናን ሕግን ማክበር፣ የተበላሸ ሕግ እንዲታረምም በሰላማዊ መንገድ መጠየቅ ይገባናል። ሕግ እግዚአብሔርን መካድ ሲያዝዝ ግን ሰማዕታት በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን እንዳደረጉት ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ግዴታ ይሆናል (ሐዋ. 5፥29)።

ሌላም ማስተዋል የሚገባን ነገር አለ። የተፈጥሮ መብት የወደድነውን ሁሉ የማድረግ ፈቃድ ማለት አይደለም። መልኩን የሰጠን አምላክ ለባልንጀራችንም ያንኑ መልክ ሰጥቶታል፤ የእኔ መብት የሚታወቀው ከሁሉ አስቀድሞ ለሌላው ባለብኝ ግዴታ ነው።

ከቤታችን እንጀምር

ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄዱ ብዙ እኅቶቻችን የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ከአሠሪው ቤት ሲወጡ በሕግ ፊት ዋስ አልባ ይሆናሉ። የጉዞ ሰነዳቸውና ደመወዛቸው የሚያዝባቸውም አሉ። ወረቀት የሌላት እኅት መብት የላትም የሚል ሁሉ መብትን ከመንግሥት ወረቀት ብቻ የሚጠብቅ ነው። እኛ ግን መልኳ ከእርሷ ጋር ባሕር እንደ ተሻገረ እናውቃለን፤ ስለዚህም ልንጮህላት ይገባናል።

ስለ እርሷ ስንጮህ ግን በቤታችን ያለችውን አንርሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለግል የቤት ውስጥ አገልግሎት የተቀጠሩትን በዋናው ድንጋጌው አያካትትም። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ የእግዚአብሔር ሕግ ዝም አላለም። ዕረፍት ለባርያና ለገረድ፣ ለመጻተኛም ጭምር እንዲሆን አዟል (ዘዳ. 5፥14)፤ የድኻው ደመወዝም ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ደንግጓል (ዘዳ. 24፥14-15)። እሑድ ማለዳ ነጠላችንን ለብሰን ወደ ቅዳሴ ስንሄድ ምሳ እንድታደርስ በር ዘግተንባት የምንሄድ ልጅ ካለች የማምለክ መብቷን የነጠቅነው እኛ ነን እንጂ መንግሥት አይደለም።

ጻድቁ ኢዮብ ራሱን ሲመረምር አገልጋዮቹ በተሟገቱት ጊዜ ፍርዳቸውን አለመናቁን ይናገራል። ምክንያቱንም ይገልጻል፤ እርሱን በማኅፀን የፈጠረው እነርሱንም የፈጠረ አንድ አምላክ ነውና እግዚአብሔር በተነሣ ጊዜ የሚመልሰው አይኖረውም (ኢዮ. 31፥13-15)። የመብት ሁሉ መሠረት በእነዚህ ቃላት ውስጥ ተጠቃሏል። ኢዮብን የሚያስገድደው አዋጅ አልነበረም፤ የሚከስሰው ዐቃቤ ሕግም አልነበረም። የአገልጋዩ ፈጣሪ የእርሱም ፈጣሪ መሆኑን ማወቁ በቃው። እኛም እንደ እርሱ በቤታችን ያሉትን መብት አክብረን ለመገኘት የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።