ጠንካራ ብረት ማለት ምን ማለት ነው?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በዘወትር ንግግራችን አንድን ነገር ብርቱ ነው ለማለት ስንፈልግ ከብረት ጋር እናመሳስለዋለን። ክንዱ ብረት ነው፤ ልቡ ብረት ነው እንላለን። ብረት ራሱ ግን አንድ ዐይነት ጠባይ ያለው ነገር አይደለም። ምላጭም ብረት ነው፤ በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ ያለው የወረቀት ማያያዣ ሽቦም ብረት ነው፤ የመኪና ባሌስትራም ብረት ነው። ምላጩን አጥብቀን ብናጎብጠው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሽቦውን ብናጎብጠው እንደ ጎበጠ ይቀራል። ባሌስትራው ግን ጭነት ሲጫንበት ዝቅ ይላል፤ ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከእነዚህ ከሦስቱ ጠንካራው የትኛው ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ እንደምንገምተው ቀላል አይደለም።

በዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ጥያቄ እንመረምራለን። ነገሩ ለመሐንዲስና ለአንጥረኛ ብቻ የሚተው አይደለም። ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ የሚገዛ፣ የሕንፃ ሥራ ውል የሚፈርም፣ የተሠራውንም ተመልክቶ የሚረከብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ዐረብ ብረት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ዐረብ ብረት ማለት ጥቂት ካርቦን የተዋሐደው ብረት ነው። ካርቦን የከሰል ዋና ክፍል የሆነው ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ሲሆን ሥራው ግን ታላቅ ነው። ከመቶ እጅ ሩብ እጅ የማይሞላ ካርቦን ያለበት ለስላሳ ብረት ይባላል፤ ተራ ሚስማር፣ ሽቦና ላሜራ የሚሠሩት ከዚህ ነው። ካርቦኑ ከመቶ እጅ ግማሽ ያህል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን ለባሌስትራ የሚስማማ ብረት ይገኛል። ወደ 1 በመቶና ከዚያም ትንሽ ከፍ ሲል ለሞረድ የሚሆን ጠጣር ብረት ይሆናል። ከ2 በመቶ ሲያልፍ ግን ዐረብ ብረት መባሉ ይቀራል። ይህኛው ቀልጦ በቅርጽ የሚፈስ፣ በመዶሻ ሲመታ የሚሰነጠቅ ብረት ሲሆን መካኒኮቻችን ጊዛ ይሉታል።

እንግዲህ ጥንካሬ በሚለው በአንዱ ቃል ውስጥ አራት ልዩ ልዩ ጠባዮች ተሰውረው ይገኛሉ።

አንደኛው ግትርነት ነው፤ ይኸውም ብረቱ ጭነት ሲያርፍበት አልሳብም፣ አልጎብጥም የማለቱ መጠን ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ የውፍረቱ ስፋት 1 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ከጣራ ላይ አንጠልጥለን በጫፉ 20 ኪሎ ብናስርበት 1 ሚሊሜትር ያህል ይሳባል። 10 ኪሎ ብቻ ብናስርበት ደግሞ የሚሳበው በግማሹ ነው። መሳቡ ከጭነቱ ጋር በእኩል የሚሄድ መሆኑን እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በ1678 በመጽሐፍ አስታውቋል። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ሽቦው ከለስላሳ ብረት ቢሠራ፣ ከባሌስትራ ብረት ቢሠራ፣ ከሞረድም ብረት ቢሠራ፣ 20 ኪሎ ሲታሰርበት የሚሳበው ያው 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። በግትርነት በኩል የተለመዱት ዐረብ ብረቶች ሁሉ እኩዮች ናቸው ለማለት ይቻላል። ባሌስትራ የሚለመጠው ብረቱ ልስልስ ስለ ሆነ ነው ብሎ ማሰብ ስለዚህ ስሕተት ነው። አንድን ነገር ግትር ለማድረግ የፈለገ ሰው የብረቱን ዐይነት ሳይሆን ቅርጹንና ውፍረቱን መለወጥ ይኖርበታል። የአንድ ዝርግ ብረት ውፍረት እጥፍ ቢሆን ለመጉበጥ ያለው እምቢታ ስምንት እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ጠባይ ብረቱ ጎብጦ ወይም ተስቦ መመለስ የሚችልበት የመጨረሻው ወሰን ነው። ልዩነቱ የሚገለጸው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የተናገርነው ሽቦ ከለስላሳ ብረት የተሠራ እንደ ሆነ 25 ኪሎ ያህል ሲደርስ ወሰኑ ይሞላል። እስከዚያ ድረስ የተሳበው አንድ ሚሊሜትር ከሩብ ያህል ብቻ ነው። ጭነቱ ከዚህ ካለፈ ሽቦው ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አይመለስም። ከባሌስትራ ብረት ተሠርቶ በእሳት የታከመው ሽቦ ግን 120 ኪሎ ያህል ተሸክሞ፣ 6 ሚሊሜትር ያህል ተስቦ፣ ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ነበረበት ይመለሳል። መለመጥ እንግዲህ የድካም ምልክት ሳይሆን የብርታት ፍሬ ነው። ባሌስትራው ብዙ የሚለመጠው ብዙ ስለሚችል ነው።

ሦስተኛው ጠባይ ወሰኑ ካለፈ በኋላ የሚታየው ነው። ለስላሳ ብረት ወሰኑን ሲያልፍ ወዲያው አይበጠስም። ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ያህል እስኪሳብ ድረስ ታግሦ በመጨረሻ ይበጠሳል። ሞረድ ግን ወሰኑ ላይ ሲደርስ ያለ ማስጠንቀቂያ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ እንደ እርጥብ ልምጭ፣ ሌላው እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው። ለሕንፃ የሚገባው ፌሮ የሚፈለገው በዚህ በሦስተኛው ጠባይ ጭምር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ሲያወዛውዘው ፌሮው እየተሳበና እየጎበጠ የመናወጡን ኀይል ይውጣል። ሕንፃው ቢሰነጠቅና ቢጣመም እንኳ በውስጡ ያለው ሰው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ስምጥ ሸለቆ በመካከሏ ለሚያልፍባትና በ1969 በአፋር የምትገኘው የሰርዶ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ለፈረሰችባት አገራችን ይህ የሩቅ ነገር አይደለም።

አራተኛውን ጠባይ ከመናገራችን በፊት ግን እሳት በብረት ላይ የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። አባቶቻችን ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይላሉ። የዐረብ ብረት ጠባይ የሚወሰነው ግን ሲግል ብቻ ሳይሆን ሲቀዘቅዝም ነው። ብዙ ካርቦን ያለበት ዐረብ ብረት 800 ዲግሪ ያህል ግሎ ሲቀላ ካርቦኑ በብረቱ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ተለይቶ ለመውጣት ጊዜ ስለሚያገኝ ብረቱ ለስላሳ ይሆናል። በድንገት ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ከተነከረ ግን ካርቦኑ መውጫ አጥቶ በዚያው ይታሰራል፤ የብረቱንም ውስጣዊ አቀማመጥ ወጥሮ ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ብረት እጅግ ጠጣር ነው፤ ዳሩ ግን እንደ መስተዋት ይሰበራል። ስለዚህ ባለሙያው ለዘብ ባለ እሳት እንደ ገና ያሞቀዋል፤ ይህ ማለዘብ ይባላል። በተወለወለው ብረት ላይ የሚታየው ቀለም የሙቀቱ መለኪያ ነው። በ220 ዲግሪ ገደማ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሆናል፤ በ300 ዲግሪ ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። ቢጫው ለስለት መሣሪያ፣ ሰማያዊው ለሰዓት ሞላ ይስማማል። የመኪና ባሌስትራ የሚለዝበው ደግሞ ከ400 ዲግሪ በላይ ነው። አንዱ ብረት በሦስት እሳት ሦስት ጠባይ አገኘ ማለት ነው።

በገበታችን ላይ ያሉት ዕቃዎችም ይህን ይመሰክራሉ። የማይዝገው ማንካ ብዙ ጊዜ የሚሠራው 18 በመቶ ክሮምና 8 በመቶ ኒኬል ካለው ብረት ነው። ይህ ብረት ግሎ በመነከር አይጠጥርም፤ ስለዚህ ማንካው ቢጎብጥ እንጂ አይሰበርም። ቢላዋው ግን ስለቱን እንዲጠብቅ 13 በመቶ ያህል ክሮምና በዛ ያለ ካርቦን ካለው፣ ተነክሮም ከጠጠረ ብረት ይሠራል። ሁለቱም በአንድ ሣጥን ተሸጠው፣ በአንድ ዐይነት ያብረቀርቃሉ፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ጠባይ እንመለስ። እርሱም ስንጥቅን የመቻል ብርታት ነው። ይህን ጠባይ ችላ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ በአሜሪካ አገር ታይቷል። በኦሃዮ ወንዝ ላይ፣ ፖይንት ፕሌዘንት በምትባለው የዌስት ቨርጂኒያ ከተማ አጠገብ፣ በ1928 አንድ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። በአሉሚኒየም ቀለም ስለ ተቀባ ሲልቨር ብሪጅ፣ ማለት የብር ድልድይ ተባለ። ድልድዩን ያንጠለጠለው የሽቦ ገመድ አልነበረም፤ በጫፍና በጫፋቸው ቀዳዳ ያላቸው ረጃጅም የብረት ዘንጎች እርስ በርስ ተያይዘው የሠሩት ሰንሰለት ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሰንሰለት ሲሠራ በእያንዳንዱ መያያዣ ብዙ ዘንጎች ጎን ለጎን ይደረጉ ነበር፤ አንዱ ቢበጠስ ሌሎቹ ይሸከማሉ። የዚህ ድልድይ ሠሪዎች ግን በእሳት የታከመ፣ ከተለመደው እጅግ የጠነከረ ዐረብ ብረት ስለ ነበራቸው ሁለት ዘንግ ብቻ ይበቃል ብለው ወሰኑ። በጭነት ሒሳብ ሲታይ ብረቱ ክብደቱን ይችል ነበር፤ 39 ዓመትም ቻለው።

በ1967 ዲሴምበር 15 ቀን፣ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ሰዓት፣ መኪናዎች ድልድዩን ሞልተውት ሳለ ከዘንጎቹ አንዱ በቀዳዳው አጠገብ ተሰበረ። ቀሪው አንድ ዘንግ ብቻውን መቆም ስላልቻለ ድልድዩ በሙሉ ወደ ወንዙ ወረደ፤ 46 ሰዎችም ሞቱ። ምርመራው እንዳሳየው ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው ስንጥቅ ጥልቀቱ 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ዝገትና የዘወትር ጭነት ተባብረው በዓመታት ውስጥ ያሳደጉት ይህ ስንጥቅ በመገጣጠሚያው ውስጥ ስለ ተሰወረ መገጣጠሚያው ካልተፈታ በዐይን አይታይም ነበር። ለስላሳ ብረት ስንጥቅ ሲገጥመው በስንጥቁ ጫፍ ላይ ይሳባል፤ ስንጥቁም ይደነዝዛል። እጅግ የጠጠረ ብረት ግን አይሳብምና ስንጥቁ እንደ ስለት ሆኖ ወደ ፊት ይቆርጠዋል። ከዚህ አደጋ በኋላ በዚሁ ዐይነት የተሠራ ሌላ ድልድይ ተዘግቶ ፈረሰ። በ1971ም የአገሪቱ ድልድዮች በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመሩ የሚያዝ ደንብ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ ለየዕለት ሥራችን የሚጠቅም ምን እናገኛለን? የመጀመሪያው፣ በእሳት የተገኘ ጠባይ በእሳት ይጠፋል። የአገራችን አንጥረኛ ከአሮጌ ባሌስትራ መጥረቢያና ቢላዋ ሲሠራ ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦና ነክሮ አዲስ ጠባይ ይሰጠዋል። ሥራ ላይ ያለን ባሌስትራ በጋዝ እሳት አግሎ ማቃናት ወይም ተሰብሮ ሲገኝ መበየድ ግን ሌላ ነገር ነው። የጋለው ስፍራ መመለሻውን ያጣል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ደግሞ ጠጥሮ ተሰባሪ ይሆናል። በዛሬው ዘመን ከሚሠራው ፌሮም ብዙው ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ በውሃ ጠጥሮ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ነው። ለማጎበጥ ይቀለኛል ብሎ በእሳት የሚያግለው ሠራተኛ የተገዛውን ጥንካሬ ያባክናል።

ሁለተኛው፣ በጨረታ ሰነድ ላይ ጠንካራ ብረት ይቅረብ ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው። ስንት ኪሎ ሲጫንበት ነው የማይመለሰው? ከዚያስ በኋላ ሳይበጠስ ምን ያህል ይሳባል? ሲታጠፍ ይሰነጠቃል ወይስ አይሰነጠቅም? እነዚህ ጥያቄዎች በቁጥርና በፈተና ይመለሳሉ። ዕቃውን የሚረከበው ኮሚቴ የምርመራ ወረቀቱን ሲያነብ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ ማለፍ አይገባውም፤ የሁለተኛው ቁጥር ማነስ የመጀመሪያውን መብለጥ ዋጋ ሊያሳጣው ይችላልና።

ጽኑ የሚባለው ብረት ፈጽሞ የማይጎብጥ አይደለም። ለተመደበበት ሥራ የሚበቃውን ያህል ችሎ፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት አስጠንቅቆ የሚሰበር ነው። ምላጭ በምላጭነቱ፣ ባሌስትራ በባሌስትራነቱ፣ ፌሮም በፌሮነቱ ይመረጣል።