ያረጀው የሚኒባስ ሞተር፤ ይታደስ ወይስ ይለወጥ?

እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2004 የተሠራውና በኢትዮጵያ «ዶልፊን» የሚል ስም የወጣለት የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ፣ በጃፓንና በኒውዚላንድ አልጋና ማዕድ ቤት ተሠርቶለት የመንገደኛ ማደሪያ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን ሰው ያመላልሳል፤ የባለሱቁንም ዕቃ ከመርካቶ ያጓጉዛል። ዕድሜው ሲገፋ ግን በዚያም ሆነ በዚህ ባለቤቱን የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ሞተሩን አስወርዶ ማደስ ወይስ ሌላ ገዝቶ መለወጥ የሚለው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለባለንብረቱም ሆነ ለመለዋወጫ አስመጪው ክብደቱ የበለጠ ጉዳይ ሆኗል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ በእርግጥ ማርጀት አለማርጀቱ ይጣራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ የናፍጣ ፖምፓ ከአየሩ የበለጠ ናፍጣ ይረጭና ጥቁር ጭስ ያስወጣል። ይህን አይቶ ሞተር ማስወረድ ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው። ዘይት መቃጠሉን የሚናገረው ሰማያዊው ጭስ ነው። ውሃም በዚህ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን ብቻውን ጤነኛውን ሞተር ሊያስግለው ይችላል፤ የክዳኑ ዋጋና የሞተሩ ዋጋ ደግሞ ሰማይና ምድር ናቸው።

የአራቱም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሲዮን ተለክቶ መዳከሙ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሲሊንደሩ ከላይም ከታችም በሚሊሜትር ይለካል። ብሎኩ ያልተሰነጠቀ፣ ክራንክ ሻፍቱም ገና ሊሞረድ የሚችል ከሆነ፣ በቶርኖ ቤት ተሞርዶ ግማሽ ሚሊሜትር የሚሰፋ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ማስገባት ይበቃል። በ2,779 ሴንቲ ሜትር ኩብ 3ኤል ሞተር ላይ ሲግል ቶሎ የሚጎዳው ቴስታታው ነውና፣ በግፊት ሳይፈተሽ መልሶ መግጠም አይገባም። ብሎኩ የተሰነጠቀ ወይም ክራንክ ሻፍቱ ቀድሞ እስከ መጨረሻው ልክ የተሞረደ እንደሆነ ግን እድሳቱ ትርፉ ድካም ነው።

ለመለወጥ የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ሶማሌ ተራ ነው። በዚያ የሚሸጠው ያገለገለ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሠራ የሚመሰክርለት የለም፤ የደላላው መሐላም ሰነድ አይደለም። ከተቻለ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ መስማት፣ ካልተቻለም ኮምፕሬሲዮኑን ማስለካት ይገባል። ከመገጠሙ በፊት የታይሚንግ ቺንጋው፣ የውሃ ፖምፓውና የዘይት ማኅተሞቹ ይለወጡ፤ ቺንጋው በመንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉና።

ብዙ ነጋዴ የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ሻጩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ካላቀረበ፣ ርካሽ የመሰለው ሞተር በዓመታዊው ምርመራ ወይም በሽያጭ ቀን ባለቤቱን ችግር ላይ ይጥላል። ሰነድ አሟልቶ የሚሸጥ አስመጪ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ እንኳ ሊኮነን አይገባውም።

በሒሳቡም ውስጥ የቆመው ቀን ይግባ። እድሳቱ አሥራ ሁለት ቀን፣ ልውጡ ሦስት ቀን የሚፈጅ ቢሆን፣ የዘጠኙ ቀን ገቢ በእድሳቱ ወጪ ላይ ይደመራል። ይህም ተደምሮ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ፣ ታሪኩ የሚታወቀውን የራስን ብሎክ ማደስ ይመረጣል። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ሞተሩ ወርዶ ሳለ ራዲያተሩ ተከፍቶ ይጠረግ፤ አሮጌውን ሞተር ያጋለው ዝቃጭ አዲሱንም ከማጋል አይመለስም።