ወደ ሐይቅ ከመጓዝዎ በፊት ያቺን ቢጫ መብራት ያስፈትሹ

በመጪው የዕረፍት ቀን ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ ጣርማ በርንና ደሴን አልፈው ቤተሰብዎን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሊወስዱ አስበዋል? ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት መንገድ ነው። «ቼክ ኢንጂን» በርቶ ከሆነ ሳያስመረምሩ አይነሱ።

አንዱ ተጠርጣሪ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም በዚያ ተመርቶ የቤንዚኑን መጠን ያስተካክላል። ሴንሰሩ ሲበላሽ መኪናው ቤንዚን ሊያበዛና ጭሱ ሊጠቁር ይችላል፤ ሲቆይም ውዱን ካታሊስት ይጎዳል።

ይሁንና ኮዱ «ሴንሰር» ስላለ ብቻ አዲስ አይግዙ። የተበጠሰ ሽቦ ወይም የሚያፈስ ማርሚታም ተመሳሳይ ኮድ ሊያመጣ ይችላል። መካኒክዎ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቮልቴጁን ይለካ። ከካታሊስቱ በፊት ያለው የተለመደው ዓይነት ሴንሰር ጤነኛ ከሆነ በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል። አንድ ቦታ ተገትሮ ከቀረ፣ ሽቦውና ማርሚታው ደህና መሆናቸው ሲረጋገጥ ያስቀይሩት። ለመኪናዎ ሞዴል የሚሆነውን ይግዙ፤ ኮዱ ከጠፋ በኋላም ከተማ ውስጥ ነድተው ይሞክሩት።

መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ሞተሩ ቤንዚኑን በትክክል እያቃጠለ አይደለም። ጉዞውን ያዘግዩት፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።