ነፃነቱን የሚጠይቀው አሠሪ ውሉን አይቶታል?

በአሜሪካ የስቴት ምክር ቤቶች የመድኃኒት ሕግ ሲነሣ ክርክሩ የሁለት ወገን ብቻ ይመስላል። በአንድ በኩል የሰፈር መድኃኒት ቤቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በኢንሹራንስና በመድኃኒት ቤት መካከል ሆነው ሒሳቡን የሚያስተዳድሩት ፒቢኤም የሚባሉት ድርጅቶች። ከሁለቱም ይልቅ ቃሉ የሚሰማው ግን አሠሪው ነው። የሠራተኛው መድኃኒት ከፋይ እርሱ ስለሆነ፣ “ይህ ሕግ ወጪዬን ይጨምራል” ሲል ሕግ አውጪው ቆም ብሎ ያዳምጠዋል። በሽተኛው ማዘዣውን ይዞ የትኛው መድኃኒት ቤት እንደሚሄድና ስንት ከኪሱ እንደሚያወጣ የሚወሰነው በዚህ ክርክር ስለሆነ፣ አሠሪዎች ምን ይዘው እንደሚቀርቡ መመርመር ለእኛ ለፋርማሲስቶች የሥራችን አካል ነው።

የሚጠይቁት በአጭሩ ነፃነት ነው። ኤሪሳ የተባለው የ1974ቱ የፌዴራል ሕግ የሠራተኞቻቸውን ሕክምና በራሳቸው ገንዘብ የሚሸፍኑ ኩባንያዎችን ከየስቴቱ የተለያየ ደንብ ይጠብቃቸዋል። ጥበቃው እስከምን ድረስ እንደሚሄድ ግን አሁንም በፍርድ ቤት ያከራክራል። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 ለአርካንሶ ፈርዷል፦ ፒቢኤሞች መድኃኒት ቤቱ ከገዛበት ዋጋ በታች እንዳይከፍሉት ስቴቱ መደንገግ ይችላል፤ ወጪ መጨመሩ ብቻ ሕጉን አያፈርሰውም። በ2023 ደግሞ የ10ኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የትኞቹ መድኃኒት ቤቶች በኔትወርክ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ በሚቀበላቸው መድኃኒት ቤቶች ስብስብ ውስጥ መግባት እንዳለባቸው የሚያዝዘውን የኦክላሆማ ሕግ በአሠሪ የሕክምና ዕቅዶች ላይ እንዳይሠራ አድርጎታል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2025 ጉዳዩን አላይም አለ። እንግዲህ ቢያንስ በዚያ አካባቢ በሽተኛው የት ሄዶ መድኃኒቱን እንደሚወስድ የመወሰን ሥልጣን የአሠሪው ነው ማለት ነው።

በወረቀት ላይ እንዲህ ይባል እንጂ በተግባር ይህን ሥልጣን የያዘው ሌላ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሐምሌ 2024 እንዳስታወቀው፣ በ2023 በአሜሪካ ከታደሉት 6.6 ቢሊዮን ገደማ ማዘዣዎች ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ በሲቪኤስ ኬርማርክ፣ በኤክስፕረስ ስክሪፕትስና በኦፕተም አርኤክስ በኩል አልፈዋል። ሦስቱም የእህት ኩባንያ መድኃኒት ቤቶች አሏቸው። ብዙ አሠሪ የኔትወርኩንና የሚሸፈኑትን መድኃኒቶች ዝርዝር ተዘጋጅቶ ይቀበላል እንጂ ራሱ አይነድፍም። ኮሚሽኑ በጥር 2025 እንዳወጣው፣ እነዚሁ ድርጅቶች ለካንሰርና ለኤችአይቪ የሚሰጡትን ጨምሮ ከስፔሻሊቲ ጀነሪክ መድኃኒቶች ከ2017 እስከ 2022 ከመግዣ ዋጋ በላይ 7.3 ቢሊዮን ዶላር በእህት መድኃኒት ቤቶቻቸው በኩል ሰብስበዋል። ከፋዮቹ ውስጥ አሠሪዎች አሉበት። ለዕቅድ ንድፍ ነፃነት ብሎ የሚሟገት አሠሪ፣ ሳያውቀው ለሌላ ሰው ነፃነት እየተሟገተ ሊሆን ይችላል።

አሠሪዎች የሚያነሡት ሥጋት ግን ውኃ ያነሣል። “ማንም መድኃኒት ቤት ይግባ” ከተባለ ለቅናሽ የመደራደር አቅም ይላላል። አላባማ በ2025 እንዳደረገችው ለሰፈር መድኃኒት ቤቶች በየማዘዣው 10.64 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ሲደነገግም ሒሳቡን አንድ ሰው መሸከሙ አይቀርም። በ2024 የአንድ ቤተሰብ የአሠሪ ኢንሹራንስ በአማካይ 25,572 ዶላር ደርሷል፤ ከዚህ ውስጥ 6,296ቱ በቀጥታ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጥ ነው። ለመድኃኒት ቤት የሚጠቅም ሕግ ሁሉ ለበሽተኛ ይጠቅማል ማለት እንዳልሆነ እኛ ራሳችን መናገር አለብን። ሆኖም ጠባብ ኔትወርክም ዋጋ ያስከፍላል፤ በዋሽንግተን ዙሪያ አማርኛ የሚናገር ፋርማሲስት የለመደ አረጋዊ መድኃኒቱ በፖስታ ብቻ ይላክለት ሲባል፣ አወሳሰዱን በቋንቋው የሚያስረዳው ሰው ያጣል።

ሌላው መከራከሪያ አምራቾች ለፒቢኤሞች የሚመልሱት ቅናሽ ለሁሉም ሠራተኛ መዋጮውን ያቃልላል የሚል ነው። ያቃልላል፤ ግን በማን ትከሻ? ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ የሚያወጣውን መጠን ያልጨረሰ በሽተኛ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ቅናሹ ሳይታሰብ በተለጠፈው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ነው። ሁማሎግ የተባለው ኢንሱሊን አንድ ብልቃጡ 274.70 ዶላር ተለጥፎበት ነበር፤ አምራቹ በ2023 ዋጋውን በ76 በመቶ ያህል ቀንሶ 66.40 አደረገው። ይህን ያህል ሊቀነስ የሚችል ዋጋ ለዓመታት ሙሉውን ሲከፍል የኖረው የስኳር ሕመምተኛው ነው፤ ተመላሹ ቅናሽ ደግሞ የጤነኛውን ባልደረባውን መዋጮ ደጉሟል። ኢንሹራንስ የተፈጠረው ለዚህ ተቃራኒ ነበር።

ስለዚህ አሠሪዎች በስቴት ምክር ቤት የኔትወርክ ግዴታን ቢቃወሙ አልወቅሳቸውም። በዚያው አንደበት ግን ፒቢኤሙ ከዕቅዱ በሚቀበለውና ለመድኃኒት ቤት በሚከፍለው መካከል ያለውን ልዩነት ለራሱ እንዳያስቀር የሚከለክለውን፣ ተመላሽ ቅናሽ ለበሽተኛው እንዲደርስ የሚያዘውንና የሒሳብ ምርመራን የሚፈቅደውን ሕግ አብረው ሲቃወሙ፣ የሚከላከሉት የራሳቸውን ጥቅም አይደለም። በ2020 መጨረሻ የወጣው የፌዴራል ሕግ አሠሪው የራሱን የክፍያ መረጃ እንዳያይ የሚያግዱ የውል አንቀጾችን ከልክሏል። እያንዳንዱ ሕግ አውጪ ለምስክርነት የቀረበውን አሠሪ ይህን መረጃ ጠይቆ ተቀብሎ እንደሆነ፣ ከተቀበለም ምን እንዳገኘበት ሊጠይቀው ይገባል።